ለሕንፃችን ነዋሪዎች፦ ከሲንክ ሥር ስላለው የውሃ ማጣሪያ

ውድ አባላት፣

ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ደለል በቀጥታ ከገባ ነጩን የደለል ማጣሪያ ቶሎ ቡናማ አድርጎ ይደፍነዋል። ስለዚህ ውሃ በጠፋ ቁጥር ወደ ማጣሪያው የሚወስደውን መዝጊያ ዝጉ። ሲመለስም በሌላው ቧንቧ ጥርት እስኪል በባልዲ ያዙት፤ ለወለል ይሆናል። ከዚያ መዝጊያውን ክፈቱት።

የደለል ማጣሪያው በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር፣ ሽታና ጣዕም የሚያስተካክለው የካርቦን ማጣሪያ ደግሞ ከ6 እስከ 12 ወር ያገለግላል። የክሎሪን ሽታ ከተመለሰ ወይም የሚወርደው ውሃ ከቀጠነ ግን ቀኑን አትጠብቁ።

ስትቀይሩ መዝጊያውን ዘግታችሁ የመጠጥ ቧንቧውን ክፈቱ፤ ግፊቱ ይውጣ። ማጣሪያው ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥበው መጋጠሚያውን በሚያሽገው ክብ ጎማ ምክንያት ነው። አውጥታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ቫዝሊን ፈጽሞ አትቀቡት፤ ጎማውን ያበላሸዋል፣ የሲሊኮን ቅባት ነው የሚስማማው። አዲስ ካርቦን መጀመሪያ ጥቁር ብናኝ ያወጣል፤ ውሃው ጥርት እስኪል ለደቂቃዎች አፍስሱት።

አንድ አደራ አለን፦ ካርቦን ሽታና ጣዕም ያስተካክላል እንጂ ጀርም አይገድልም። ለሕፃናት የምትሰጡትን ውሃ ተጣርቶም ቢሆን አፍሉት።

የነዋሪዎች ኮሚቴ