የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ «ዚስ» ማንን ነው የሚያመለክተው?

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ የቡና ሂሳብ የሚሠራ ድረ ገጽ ነው። ጅማ የቡና አገር ናትና ሂሳቡ በፈረሱላ ተጀመረ፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ተጠቃሚው የፈረሱላውን ብዛትና የኪሎውን ዋጋ አስገብቶ «ደምር» የሚለውን በተን ሲጫን ጠቅላላ ብሩ ይወጣል። አንደኛው መንፈቀ ዓመት የገጹን ይዘትና መልክ በሚሠሩት በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ አለቀ። አባላቱን በደንብ ያሠራቸው ግን ስሌቱ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ነው።

ገጹ «ሂሳብ» የሚባል ኦብጀክት (መረጃንና ሥራን በአንድ ስም የያዘ ስብስብ) አለው፤ በውስጡ ፈረሱላ፣ ዋጋና ደምር የተባለው ፈንክሽን (ሲጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ይገኛሉ። ደምር ፈረሱላንና ዋጋን የሚያገኘው «ዚስ» (this) በሚለው ቃል ነው፤ ዚስ ፈንክሽኑ በዚያ ሰዓት የሚሠራበትን ኦብጀክት ያመለክታል። ጃቫስክሪፕት እነዚህን ስሞች በፊደላችን ብንጽፋቸው ይቀበላል፤ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ኮንሶል (ኮድ የሚሞከርበትና ስህተት የሚታይበት የብራውዘር መስኮት) ላይ ሂሳብ.ደምር() ሲባል መልሱ ልክ ነው። ያንኑ ሂሳብ.ደምር በተኑ ሲጫን እንዲጠራ ለአድኢቨንትሊስነር (ሊስነር፣ ማለትም ጠባቂ ፈንክሽን፣ ለሚያስገባው ትእዛዝ) ሲሰጡት ግን ገጹ ላይ «ናን» ይወጣል፤ ቁጥር አይደለም ማለቱ ነው። ኮንሶሉም ምንም ቀይ የስህተት መልእክት አያሳይም።

ምክንያቱ ዚስ የሚወሰነው ፈንክሽኑ በተጻፈበት ሳይሆን በተጠራበት መንገድ መሆኑ ነው። በሂሳብ.ደምር() ከነጥቡ በስተግራ ያለው ሂሳብ ስለሆነ ዚስ እሱ ነው። በተኑ ሲጫን ግን ዚስ በተኑ ራሱ ይሆናል። በተን ደግሞ ፈረሱላ የሚባል ነገር ስለሌለው አንዲፋይንድ (ዋጋ ያልተሰጠው ማለት ነው) በ17 ይባዛል፣ ናን ይመጣል። ከዚህ የከፋም አለ፤ ኪሎን ወደ ፈረሱላ በሚቀይረው ትንሽ ኦብጀክት መጠኑ «ቫልዩ» ተብሎ ከተሰየመ ውጤቱ 0 ይሆናል። በተን የራሱ ባዶ ቫልዩ አለው፣ ባዶ ጽሑፍም ለ17 ሲካፈል 0 ነው። 0 ያየ ሰው ስህተቱን የሚፈልገው ስሌቱ ውስጥ ስለሆነ ቶሎ አያገኘውም።

መፍትሔው ሂሳብ.ደምር.ባይንድ(ሂሳብ) ብሎ መስጠት ነው። ባይንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤክማስክሪፕት 5 (ከጃቫስክሪፕት ደረጃ አምስተኛ እትም) ጋር የመጣ ሲሆን ፈንክሽኑን አይጠራውም፤ ዚሱ የታሰረ አዲስ ፈንክሽን ይመልሳል። እንደ ባይንድ ዚስን የሚወስኑት ኮልና አፕላይ ግን እዚያው ይጠሩታል፤ ኮል ግብዓቶቹን አንድ በአንድ፣ አፕላይ በአሬይ (በአንድ ዝርዝር) ይቀበላል። አንዴ የታሰረን ዚስ በሌላ ባይንድ መቀየር አይቻልም። ሂሳብ.ደምር() ብሎ ከነቅንፉ ለአድኢቨንትሊስነር የሰጠ ደግሞ ፈንክሽኑ ገጹ ሲከፈት ይሠራበትና በተኑን ሲጫን ዝም ይለዋል።

አሮው ፈንክሽን (በ=> ምልክት የሚጻፈው) የራሱ ዚስ የለውም፣ ከከበበው ኮድ ይወስዳል። ስለዚህ በደምር ውስጥ ለሴትታይምአውት (ፈንክሽንን ቆይቶ ለሚጠራው ትእዛዝ) ይመቻል፤ ደምርን ራሱን በአሮው መጻፍ ግን ሂሳብን ያሳጣል።

ሰኔ ላይ የተያዘው ሥራ ሊስነሩን ማንሳት ነበር። ሪሙቭኢቨንትሊስነር ላይ ባይንድን ደግሞ መጻፍ ምንም አያነሳም፤ ባይንድ በተጠራ ቁጥር የሚመልሰው ሌላ ፈንክሽን ነውና። የታሰረውን መጀመሪያ በቫሪያብል (በአንድ ስም) ማስቀመጥና ለአድኢቨንትሊስነርም ለሪሙቭኢቨንትሊስነርም ያንኑ መስጠት ያስፈልጋል።

በመጪው መስከረም ገጹን በክላስ (ኦብጀክት በሚሠራበት ንድፍ) እንጽፈዋለን። ክላስ ውስጥ ስትሪክት ሞድ (የጃቫስክሪፕት ጥብቅ አሠራር) ሁልጊዜ ስለሚሠራ፣ ደምርን ከኦብጀክቱ ነጥሎ በስሙ ብቻ የጠራ በዝምታ ናን ከማግኘት ይልቅ ታይፕኤረር የሚል የስህተት መልእክት ይደርሰዋል፤ የመስመሩ ቁጥርም አብሮ ይታየዋል።