ጨርቁን ለውሻው ልቀቁለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጦቻችን ስለ ውሻ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የማነበው ስለ ንክሻ፣ ስለ እብደት በሽታና ባለቤት ስለሌላቸው ውሾች ነው። መጻፉ ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ጨዋታ ልጽፍላችሁ ነው። በየግቢው ታስረው የሚውሉት ውሾች ነገር ሆዴን ይበላኛል።

ቦቢ እኛ ጋ የመጣው ጎረቤቶቻችን ሰፈር ሲቀይሩ ነው። ትልቅ ቡናማ የሀበሻ ውሻ ነው፤ ቀን በሰንሰለት ታስሮ፣ ሌሊት እየተለቀቀ ያደገ። ልጄ አሮጌ ፎጣ ገምዳ "እንካ" ስትለው ጭራውን ወትፎ ወደ ግድግዳው ይሸሽ ነበር። ካስጠጋችለት አንገቱን አዙሮ ከንፈሩን ይልሳል። ጨዋታ የማይወድ ሊመስል ይችላል። ግን ቡችላ ሳለ የተሰጣ ልብስ ጎትቶ ባወረደ፣ ጫማ ባኘከ ቁጥር በዱላ ሲመታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ቡችላ ከ3 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ ጥርሱን ይቀይራል፤ ድዱ ስለሚያመው ያገኘውን ያኝካል። በዚያ ዕድሜው የተመታ ውሻ ሰው የያዘውን ጨርቅ በአፉ ለመያዝ ቢፈራ ምን ይገርማል?

መጀመሪያ ጨርቁን ወደ አፉ ማስጠጋቱን ተውነው። ውሻ ፊቱ ላይ የመጣበትን ይሸሻል፤ የሚሸሸውን ግን ያባርራል። ልጄ ፎጣውን በረጅም ሲባጎ አሰረችና ጀርባዋን ሰጥታው መሬት ለመሬት ጎተተችው። ፎጣው እንደ አይጥ ሮጥ ይላል፣ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይሾልካል። ሲባጎው ረጅም ስለሆነ ማንም አናቱ ላይ አልቆመበትም። የቦቢ ጆሮ ቆመ። ዓይኑ ከፎጣው አልነቀል አለ። ውሎ አድሮ በፊት እግሩ ረገጠው፤ ቆይቶም በፊት ጥርሱ ጫፉን ያዝ አደረገ።

ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ያኔ በኃይል የጎተተ ሰው ሁሉን ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ልጄ ወዲያው ለቀቀችለት። ቦቢ ፎጣውን ይዞ ግቢውን ዞረ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀው፣ አጥሩ ስር ወስዶ ተኛበት። ማንም አልቀማውም። ከዚያ በኋላ ትንሽ ጎተት አድርጋ መልቀቅ፣ ደግሞ ትንሽ ጨመር ማድረግ ሆነ። አሁን የኋላ እግሩን ተክሎ ይጎትታል። "ልቀቅ" ሲባል ይለቃል፤ በለቀቀ ቁጥር ቁራጭ ልፋጭ ስለሚያገኝ ነው። ገና ሳይሰለቸው እናቆማለን።

ዘበኛችን "ማሸነፍ ከለመደ ይንቃችኋል" ብለው ሰግተው ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ኒኮላ ሩኒ እና ጆን ብራድሾው የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውታል። 14 ጎልደን ሪትሪቨር ውሾችን ገመድ ጉተታ አጫውተው፣ አንዴ ውሾቹ እንዲያሸንፉ፣ አንዴ እንዲሸነፉ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ማሸነፉ ውሾቹ በሰው ላይ የበላይ ለመሆን እንዲሞክሩ አላደረጋቸውም።

ማጉረምረሙም አያስደንግጣችሁ። ሰውነቱ ላላ ብሎ፣ ጭራውን እየቆላ ከሆነ በጨዋታ ነው። ሰውነቱ ድርቅ ካለና ዓይኑን ካፈጠጠ ግን ጨዋታው ይቁም። ጥርሱ እጅ ከነካም እንዲሁ። አንገቱን እንዳይጎዳው ወደ ላይ አትጎትቱት፤ ለቡችላማ እጅግ በቀስታ። ሕፃናት ያለ አዋቂ አይጫወቱ። በየዓመቱ የእብደት በሽታ ክትባት ያልተከተበ ውሻ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ክትባቱ ይቅደም።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እባካችሁ የእንስሳት ሐኪም ጋብዙና ታስሮና እየተመታ ያደገን ውሻ ከሰው ጋር እንዴት ማላመድ እንደሚቻል ያጻፉልን። እኔ የማውቀው የአንድ ቦቢን ነገር ብቻ ነው። ፎጣ እንኳ የማይቀበል፣ ሰው ሲያይ ሽንቱ የሚያመልጠው ውሻ ያላቸው ሰዎች አውቃለሁ፤ ምን እንደሚያደርጉ ጨንቋቸዋል።

አንባቢያችሁ፣
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ