ከቮልሷ ጎን ለቆማችሁ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ጋዜጣ ላይ እንደምናነበው «በደረሰብን ሐዘን ቤታችን ድረስ በመምጣት፣ በስልክም በመደወል ላጽናናችሁን» ብዬ ልጀምር ስል እናቴ ተቆጣችኝ። «ሰው አልሞተ፤ ቆርቆሮ ነው!» አለች። (ፋይበርግላስ ነው፤ ግን ከእናት ጋር አይከራከሩም።) እውነቷን ነው። ቢሆንም ጋራዡን ዘግተን ቁልፉን ለባለቤቱ ያስረከብን ዕለት ከሰፈሩ ሰው አንዱ ቆሎ፣ አንዱ ዳቦ ይዞ ሲገባ፣ ወንበር ተደርድሮ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ፣ ከለቅሶ ቤት በምን ይለያል?

ለማታውቁን፣ አራት ነን። ሁለት መካኒካል መሐንዲሶች፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰው፣ አራተኛው ደግሞ ስልክ የማነሣውና ብር የምለምነው እኔ። ሁለት ዓመት ያህል ጎፋ በተከራየናት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ከአሮጌ ቮልስ ተነሥተን በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ስፖርት መኪና ለመሥራት ደከምን። አልሆነልንም። «ሆን ተብሎ ነው ያስቆሟቸው» የሚል ወሬ ስለሰማሁ ከሁሉ በፊት ይህን ላጥራ፤ ማንም አላስቆመንም። ሒሳቡን የሳትነው እኛው ነን። ምስጋናዬም ላገዙን ሁሉ ቢሆንም፣ ከሁሉ ይልቅ ፊት ለፊት «ተሳስታችኋል» ብለውን፣ አልሰማ ስንላቸውም ጥለውን ላልሄዱት ነው።

ነገሩ የተጠነሰሰው ጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ የተነገረ ሰሞን ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የቤንዚን ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ ሌላው እያለከለከ የእኛዋ ድምፅ ሳታሰማ ታልፈዋለች፤ ቁልቁል ስትመጣ ሞተሯ ዲናሞ ይሆንና ባትሪዋን መልሶ ይሞላል። ወረቀት ላይ እንዴት ታምር ነበር!

መነሻችን ሣር የበቀለበት የተጣለ ቮልስ ነበር። ለናፍቆት ብለን አይደለም። የቮልስ ገላ ብሎኑ ሲፈታ ከወለሉ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ወለሉ መሪውን፣ ፍሬኑንና እግሩን ይዞ ለብቻው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ወለል ላይ የፋይበርግላስ ገላ ጭነው የራሳቸውን መኪና የሠሩ ብዙ ነበሩ፤ እኛም ያንኑ መንገድ ያዝን። ሞተሩንና ባትሪውን ደግሞ ከተጋጨች ኒሳን ሊፍ (የኤሌክትሪክ መኪና ናት) የተፈታ ከውጭ አዘዝን። ሞተሩ 80 ኪሎዋት፣ ባትሪው 24 ኪሎዋት ሰዓት፣ 48 ሞጁል (ባትሪው የሚገጣጠምባቸው ክፍሎች)፣ ክብደቱ 300 ኪሎ ገደማ።

ግማሹን ከፍለን ግማሹ ሲቀረን ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የምንዛሪው ተመን ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቀሪው ክፍያ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የመጀመሪያው ምስጋናዬ እዚህ ላይ ለእቁባችን ነው። ዕጣ ወጥቶላት ሳለ ተራዋን ለእኛ የለቀቀችው እህታችን ያለችውን አልረሳውም፦ «ይሄ ብር መኪና እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ካልሞከራችሁት ዕድሜ ልካችሁን ስታወሩት ልትኖሩ ነው፤ እሱን ከምሰማ ብሬ ይቅር።» ብሩ አልቀረባትም፤ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ከፍለናል። ውለታው ግን እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። አርባ ዓመት ቮልስ ሥር የኖረ ሰው ነው። ይህን ስጽፍ «ነው» እላለሁ እንጂ ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው፤ ይቅር ይበለኝ። በሰው በሰው ሰምቶ አንድ ቅዳሜ መጣና ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው። «ስንት ይጎትታል?» አለ። 280 ኒውተን ሜትር፣ ያውም ገና ከቆመበት ሲነሣ አልነው። የድሮው የቮልስ ሞተር ቢበዛ 100 ገደማ ነው። ጋሼ ከፈታነው ካምቢዮ አንዷን ማርሽ አንሥቶ መዳፉ ላይ አገላበጣት። «ይሄ ለበቅሎ የተሰፋ ኮርቻ ነው፤ ዝሆን ልትጭኑበት ነው?» አለን። እኛም ጉልበቱን በኮምፒውተር እንደምንገድበው አስረዳነው። ረዘም ላለ ጊዜ አስረዳነው፤ ዲግሪ ያለው ሰው እንደሚያደርገው። ዝም ብሎ ሰማን። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሥራ ልብሱን ለብሶ መጣና ያንኑ አይችልም ያለውን ካምቢዮ አዳዲስ ኩሽኔታ አስገብቶ ገጠመልን። የሠራበትን አልተቀበለም።

መርካቶ ቶርኖ ቤት ያለኸው ወንድማችን፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውን ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን ሦስት ጊዜ ቀርጸህ ያስከፈልከን የአንዱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው መሐሉን በፀጉር ያህል ስቶ መኪናዋን እንደ ወንፊት ሲያንቀጠቅጣት ጥፋቱ የሥዕላችን እንጂ የእጅህ አልነበረም፤ አንተ ግን «የማን እንደሆነ በኋላ እንጣላለን» ብለህ ማሽኑን አስነሣህ። የሶማሌ ተራና የምናለሽ ተራ ሰዎች፣ ብሎን በዱቤ፣ ቸርኬ በውሰት ሰጥታችሁናል። ዱቤው ተዘግቷል፤ ያልተዘጋለት ካለ ይደውልልኝ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለኸው፣ አንተን እንኳ ሚስትህ ታመስግንህ ብዬ ልለፍህ ነበር፤ ስንት ሌሊት ነው የወሰድንባት! የሊፍ ሞተር ከገዛ መኪናው ኮምፒውተር በቀር ለማንም አይታዘዝም። ትእዛዙ በትክክለኛው ቋንቋ ካልደረሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል። እሱን የሚያናግሩትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች በሻንጣህ ይዘህ መጥተህ፣ ከተመለስክም በኋላ እዚህ ሊነጋ ሲል፣ እዚያ መሽቶ፣ ስልክ ላይ ተጥደህ ከእኛው ልጅ ጋር መስመር በመስመር ስትፈትሽ ከረምክ። ሞተሩ መጀመሪያ የዞረ ዕለት የጮኸው ድምፅህ ነው፤ እኛ ደንግጠን ዝም ብለን ነበር።

ነሐሴ 2017 ያ ጭስ የተነሣ ማታ ደግሞ አለ። ከእኛ አንዱ (ማን እንደሆነ ቃል ገብቻለሁ፣ አልናገርም) የብረት ቁልፍ አምልጦት ሞጁል ላይ ወደቀ። ሁለቱን ጫፎች አገናኘና ብልጭ አለ፤ ሞጁሉ ያብጥና ይጨስ ጀመር። የሊቲየም ጭስ መርዝ ነው፤ እሳቱም ጠፋ ሲሉት ተመልሶ ይነሣል። አጠገቡ ሌሎች 47 ነበሩ። በራፋችን ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ደንበኛውን ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ ወንበር ላይ ትቶ ሮጠ። አፍንጫውን በፎጣ አስሮ ገባ፣ ሞጁሉን በአካፋ ገፍቶ አወጣና የዝናብ ውኃ የሞላበት በርሜል ውስጥ ከተተው። ውኃው ለረጅም ሰዓት ሲንፈቀፈቅ ግቢው ሙሉ ሰው ከሩቅ ቆሞ ያይ ነበር። በማግሥቱ ሰፈሩ ውጡልን ቢለን መብቱ ነው። የመጡት ግን ሁለት እናቶች ነበሩ፤ «ባትሪውን ከሕፃናቱ በኩል ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዙሩት» ብለው፣ እስክናዞረው ቆመው አይተው ሄዱ። ያቺን ያህል ብቻ። እግዜር ይስጥልን።

ኅዳር 2018 ላይ ቃሊቲ አካባቢ ሰፊ ግቢ ያላቸው አንድ ሰው በራቸውን ከፈቱልን። ቮልሷ ሄደች! ድምፅ የላትም፤ የሚሰማው ጎማዋ ጠጠሩን ሲፈጨው ብቻ ነው። በዝግታ ሁለቴ ዞረች። ሦስተኛውን ዙር የምነዳው እኔ ነበርኩ። ስፖርት መኪና ብለን እንደ ጋሪ እስከ መቼ ብዬ ገደቡ ከፍ እንዲል ጠየቅሁ፤ ከፍ አደረጉልኝ። ነዳጅ መስጫውን ረገጥኩት (ስሙን እስካሁን አልቀየርንም)። አንድ ቀጭን ፉጨት፣ ከዚያ «ቋ!» የሚል ድምፅ። ሞተሩ እየዞረ መኪናዋ ቆመች። ሦስት የማርሽ ጥርስ ረግፏል።

ጋሼ እዚያው ቆሞ ነበር። ፊቱን ለማየት አፍሬ ከመሪው አልወርድ አልኩ። «ነግሬአችሁ ነበር» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ ለዘበኛው ሰጠና «ክሪክ አምጡ» አለ። እስከ ዛሬም ያቺን ቃል አላላትም።

ዕውቀት ያላችሁ «የሊፏን የራሷን ማርሽ ለምን አልተጠቀማችሁም?» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ከመጀመሪያው መሆን የነበረበት እሱ ነው። እኛ ወለሉን ላለመቁረጥ፣ ብር ለመቆጠብ፣ እንዲሁም ማርሽ መቀየር ደስ ስለሚል በድሮው ካምቢዮ ሙጥኝ አልን። ከእኛ በፊት ቴስላም የመጀመሪያዋን ሮድስተር በሎተስ ኤሊዝ ላይ ተመሥርቶ ሲሠራ ባለ ሁለት ማርሹ ካምቢዮ ጉልበቱን አልችል ብሎ አስቸግሮት ነበር፤ በመጨረሻ በአንድ ማርሽ ተካው። ይህን አንብበነው ነበር። ማንበብ ሌላ! ከስብራቱ በኋላ ኋላዋን ቆርጠን እንደ አዲስ ለመሥራት ስናሰላ እስከዚያ ካወጣነው የሚበልጥ መጣ። አንዲት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ፋይላችንን ይዛ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትዞርልን ከርማ፣ አንድ ቀን አስቀምጣ «ብትጨርሷትም የሰሌዳ ቁጥር የማውጣቱ መንገድ ረጅም ነው፤ ዕዳ ውስጥ ሳትገቡ አስቡበት» አለችን። ያን ጊዜ ተናድጄ ወጥቼ ነበር። እህቴ፣ ይቅርታሽንም ምስጋናሽንም ተቀበይ።

ቀብድ የሰጣችሁን ሦስታችሁ፣ ሁለታችሁ ተመልሶላችኋል። «አልፈልግም፤ ለሙከራው ይሁን» ያልከው ሦስተኛው፣ ሙከራው አልቋልና ብርህ የእቁቡ ጸሐፊ ጋር ተቀምጧል፤ መጥተህ ውሰድ።

ሞተሩን ሸጠን ዕዳ ከፈልንበት። ከ47ቱ ሞጁሎች 14ቱ ተገጣጥመው ፀጉር ቤቱ ገብተዋል። አሁን መብራት ሲጠፋ በሠፈሩ ቶንዶዝ የሚሠራው እሱ ጋ ብቻ ነው፤ የዚያን ማታው ደንበኛም አልቀረበትም። ወለሉና ገላው እናቴ ግቢ ናቸው፤ ዶሮዎቿ የሾፌሩን ወንበር መርጠዋል።

ጋሼ፣ የዚያችን ቮልስ የድሮ ሞተር ሳንጥለው ወስደው በጆንያ ጠቅልለው ማስቀመጥዎን የሰማሁት ትናንት ከልጅዎ ነው። እንደዚህ ሆና ታልቅ አልል ካሉ፣ ቅዳሜ እናቴ ዶሮዎቹን ታስወጣለች፤ ቡናም አለ። ክሪኩን ግን እርስዎ ይዘው ይምጡ፤ የእኛ ተሽጧል።