ሕጉን ባቡር ላይ አትንገሩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለትምህርት ወደ አሜሪካ ለሚመጡ ልጆች ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩት። ስለ ቪዛው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ጥሩ ተጽፏል። እኔ ስለ ቤዝቦል አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ምክር ግን ለተማሪው ሳይሆን ቀድመን እዚህ ለመጣነው ነው።

የጓደኛዬ ልጅ ለማስተርስ ከባሕር ዳር መጣ። ትምህርቱ አልከበደውም። የከበደው ሰኞ ጠዋት ነው። ላብራቶሪ ሲገባ ሁሉም ስለ ቤዝቦል ያወራል፤ እሱ ፈገግ ብሎ ይቆማል። "ጋሼ፣ እንግሊዝኛ የማላውቅ ነው የሚመስለኝ" አለኝ። አንጀቴን በላው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው ፈገግ እያልኩ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ።

ስለዚህ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ትኬት ቆርጬ ዋሽንግተን ያለው የቤዝቦል ስታዲየም፣ ናሽናልስ ፓርክ ወሰድኩት። ስህተቴ የጀመረው ገና ባቡር ላይ ነው። ሕጉን በሙሉ ዘረገፍኩለት። 9 ተጫዋች፣ 9 ኢኒንግ፣ 3 አውት፣ 4 ቤዝ... "እሺ ጋሼ፣ ገባኝ ጋሼ" ይለኛል። ምንም አልገባውም። ይሉኝታ ነው። የእኛ ልጅ ታላቁን ደጋግሞ "አልገባኝም" አይልም፤ እኛ ደግሞ ይህን እያወቅን እንረሳዋለን።

ቁጭ እንዳልን ዓይኑ ሰዓት ፍለጋ ሄደ። "ስንት ደቂቃ ቀረው?" ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው እንዳያጓትት የሚቆጥርበት ሰዓት አለ። ጨዋታው ራሱ ግን የማለቂያ ደቂቃ የለውም። ዘጠኙ ኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር፣ እስኪያልቅ ነው፤ እኩል ከሆኑም ይቀጥላል። ኳስ በ90 ደቂቃ ለለመደ ልጅ ይህ ራሱ ግራ ያጋባል።

ሦስተኛው ኢኒንግ ላይ ማስረዳቴን ተውኩና ከነቅርፊቱ ኦቾሎኒ ገዛሁ። "ሌላውን ሁሉ እርሳው። ወርዋሪውንና መቺውን ብቻ እይ" አልኩት። መቺው ሲስት፣ ወይም ደህናዋን ኳስ ዝም ብሎ ሲያሳልፍ ስትራይክ ነው፤ ባዶ ቅርፊት ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩ። ኳሷ ከመስመር ወጥታ ስትመጣና መቺው ሲተዋት ቦል ነው፤ ያልተፈለፈለ ኦቾሎኒ አስቀመጥኩ። ቅርፊቱ ሦስት ከሞላ መቺው ወጣ። ኦቾሎኒው አራት ከሞላ ያለ ምንም ሩጫ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ቅርፊቱን እሱ ራሱ ያስቀምጥ ጀመር። ሁለት ቅርፊት የሞላበት አንድ መቺ ኳሷን አምስት ጊዜ በተከታታይ ወደ ጎን አወጣት። "ሦስተኛው ለምን አይቆጠርበትም?" አለኝ። የዕለቱ የመጀመሪያ እውነተኛ ጥያቄ ይህ ነበር። ወደ ጎን የወጣች ኳስ እስከ ሁለተኛው ድረስ ስትራይክ ተብላ እንደምትቆጠር፣ ሁለት ስትራይክ ካለበት ግን እንደማታስወጣው ነገርኩት። "እንግዲያማ ሆን ብሎ እያደከመው ነዋ!" ብሎ ብድግ አለ። ኦቾሎኒው ተበተነ። ገባው ማለት ያ ነው።

ኳሷ ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ተወርውራ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትበራለች። መቺው ለማሰብ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አያገኝም። ለዚህ ነው ከ10 ጊዜ 3ቱ የተሳካለት ሰው ጎበዝ የሚባለው። ይህን ስነግረው "እኛ ጋ ከአስር ሦስት ያመጣ ወደቀ ነው" ብሎ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሰባተኛው ኢኒንግ መሐል ላይ ሕዝቡ ሲነሳ እሱም ጃኬቱን አነሳ። እግር ለማፍታታትና አብሮ ለመዝፈን ነው አልኩት።

ስንመለስ በዚያው በአረንጓዴው የባቡር መስመር መጥተን ሾው ሃዋርድ ጣቢያ ወረድን። ጾም ስለነበር ዘጠነኛው መንገድ ላይ ሽሮ በላን። ከዚያ ጥቂት በእግር ወስጄ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ሆስፒታል አሳየሁት። እዚያ ቦታ ላይ ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። በ1940ዎቹ የጥቁሮቹ ቡድን ሆምስቴድ ግሬይስ ብዙ ጨዋታውን የሚያደርገው እዚያ ነበር፤ ምክንያቱም ያኔ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ጥቁር አያስገባም ነበር። ለግሬይስ የተጫወተው ጆሽ ጊብሰን በጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ጥቁሩ ጃኪ ሮቢንሰን ለትልቁ ሊግ ቡድን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ ያን በር የከፈተው ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ነው። ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። በ2024 ሊጉ የጥቁሮቹን ሊጎች ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ሲቀላቅል፣ በአማካይ ምት፣ ማለትም ከ10 ጊዜ ስንቱ ተሳካ በሚለው፣ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ጊብሰን ሆነ።

ልጁ ለረጅም ጊዜ ሕንጻውን ሲያይ ቆየ። "በየሳምንቱ በዚህ ነው እኮ የማልፈው" አለኝ። እኛ ሐበሾች ስንቶቻችን ክትፎ በልተን በዚያ እንዳለፍን ቤት ይቁጠረው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ አዲስ ተማሪ የምታውቁ ሁሉ አንድ ቀን ይዛችሁት ሂዱ። ትልቁ ሊግ ካልሆነ የሰፈር ትምህርት ቤት ሜዳ ይበቃል፤ እዚያ መግቢያም አትከፍሉም። ብቻውን በቴሌቪዥን ይየው አትበሉ። አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ የሚጠይቃችሁን ብቻ መልሱ።

የጓደኛዬ ልጅ በዚህ ሳምንት ከሐዋሳ የመጣች አዲስ ተማሪ ይዞ ሊሄድ ነው። ትናንት ደወለልኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሁለት ሰው ስንት ከረጢት ኦቾሎኒ እንደሚበቃ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ