ለቅሶ ሲመጣ ልጆቹ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ሁለት ክፍልና አንድ ኩሽና እንሥራላቸው

ሰላም ጎረቤቶች። ሰላም ቦሌ አራብሳን ለቃችሁ ሌላ ሰፈር የገባችሁ የእድራችን አባሎች፣ ሰላም ይህን ከሩቅ ሆናችሁ የምታነቡ ወገኖች።

ወሬ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የሰፈራችን እድር አዳራሽ ውስጥ 46 ልጆች ይውላሉ። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። እዚያው ቁርስ ይበላሉ፣ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ከሰዓት ትንሽ ይተኛሉ። እናቶቻቸው ተመላላሽ ሠራተኞች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ጉሊት የሚቸረችሩ ናቸው። እስካሁን በደህና ሄዷል። ችግሩ አዳራሹ የእድር መሆኑ ነው። ሰው ሲሞት አግዳሚው ይወጣል፣ ድስቱ ይወጣል፣ አዳራሹ ለለቀስተኛ ይለቀቃል። መለቀቅም አለበት፣ እድር የተቋቋመው ለዚያ ነው። ልጆቹ ግን ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቤት ይቀራሉ።

ባለፈው ግንቦት በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ ገጠመን። ሰኞ ጠዋት አስተማሪዋ በር ላይ ቆማ ልጆቹን ስትመልስ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። አንዲት እናት የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ የ3 ዓመት ልጇን እጁን ይዛ መጣች። ነገርናት። ምንም አላለችም። ትንሽ ቆም ብላ ወደ ውስጥ አየች፣ ከዚያ ልጁን አዘለችውና ወደ ሕንፃ ሥራው ሄደች። ባሬላ የምትሸከም ሴት ናት። ከሰዓት በዚያ በኩል ሳልፍ ልጁ ከአሸዋው ክምር ጥግ ጆንያ ላይ ተኝቷል፤ ሽፋሽፍቱ በሲሚንቶ ብናኝ ነጭ ሆኗል። እሷ ከባልደረባዋ ጋር ባሬላውን ይዛ መወጣጫው ላይ በደረሰች ቁጥር አንገቷን መለስ አድርጋ ታየዋለች። ሸክም ይዞ ከፍታ ላይ ዞሮ ማየት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ሕንፃ ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ኮሚቴውን ቁጭ ብድግ ያደረግኩት። ለልጆቹ የራሳቸው ክፍል ይሠራላቸው። ጥሪውም ይኸው ነው።

የማታውቁን ካላችሁ አጀማመራችንን ልንገራችሁ። በ2014 መጨረሻ የእድሩ ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠው አንዷ “አዳራሹ ከሰኞ እስከ አርብ ባዶውን ነው፣ ልጆቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ ምን አለበት?” አለች። በ11 ልጆች ተጀመረ። ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ የፊደል ገበታ ይዘው መጡ። ምንጣፍ የሰጠ አለ፣ ብርድ ልብስ የሰጠ አለ። ያኔ ያሰብነው ማቆያ ብቻ ነበር፤ እናት ሥራ ውላ እስክትመጣ ልጁ መኪና እንዳይገጨው፣ ክፍት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ። ፊደሉ እንደ ምርቃት ነበር።

ትንሽ ስንቆይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ልጅ ብቻውን አይመጣም፣ ቤቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ጠዋት የሚያለቅሰው ልጅ ማታ ያልበላ ሆኖ ይገኛል። ጥግ ይዛ የምትቀመጠው ልጅ እናቷ የቤት ኪራይ አቅቷት ሌሊት ዕቃ ሲጭኑ ያደሩ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ልጅ ነበር። ሲጠሩት አይዞርም፣ መዝሙር ሲባል አፉን አይከፍትም። እልኸኛ ነው ተባለ። አባቱም “አልሰማ ባይ ነው” እያለ ይቆጣዋል። እማማ ናቸው ያስተዋሉት፤ የሚያናግረው ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ ቀኝ ጎኑን ነው የሚያዞረው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠራናት፣ አየችው። ግራ ጆሮው ውስጥ የቆየ መግል ነበር። ጤና ጣቢያ ተላከ፣ ተመላለሰ፣ ታከመ። አሁን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ድምፁ የሚሰማው የእሱ ነው። አባቱ በሌላ ቀን መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲዘምር ሰማው፣ እንባውን በክንዱ ጠረገና ሄደ። ይህን ልጅ ፊደል ብቻ እናስተምርህ ብንለው ኖሮ ምን ይሰማ ነበር?

ስለዚህ ቀስ በቀስ ሌላውም ተጨመረ። በየሦስት ወሩ የልጆቹ ክንድ ይለካል። መለኪያዋ ቀጭን ሜትር ናት፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቢጫ ላይ ያረፈ ልጅ ሲገኝ እናትየዋን እንጠራለን። አንወቅሳትም፣ ምን እንደጎደለ እንጠይቃታለን። የክትባት ካርድም እናያለን። የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት አስከትበው የ15 ወሩን የዘነጉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ቸልተኝነት አይደለም፣ ለቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ የሄደችበት ቀን ደሞዝ የሌለበት ቀን ነው። የልደት ካርድ ሌላው ጣጣ ነው። ልደት በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ያላወቁ አሉ፣ አውቀውም መታወቂያ ስለሌላቸው የሚፈሩ አሉ። ከእድሩ አንድ ሰው አብሯቸው ወረዳ ይሄዳል፣ ወረፋ ይይዝላቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እናቶቹ ቡና ያፈላሉ። እዚያ ላይ ትንሽ ዕቁብ ጀምረዋል። አንዷ በዕቁቡ ብር ምጣድ ገዝታ እንጀራ መጋገር ጀምራለች፣ ልጇን ጠዋት ይዛ ስትመጣ አሁን እንደበፊቱ አትሮጥም።

ይህን ሁሉ እኛ የፈጠርነው አይደለም። ለአንድ ስብሰባ ስዘጋጅ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን በሚባል ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ልጆችን በሁለት ከፍለው 58ቱን ጠዋት ጠዋት አስተማሩ። ያስተማሩት ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። አስተማሪዋ በየሳምንቱ የልጁ ቤት ትሄዳለች፣ እናቱ ጋ ቁጭ ብላ ታወራለች። ልጆቹን እስከ 40 ዓመታቸው ተከታተሏቸው። ቀድመው የተማሩት ሁለተኛ ደረጃን በብዛት ጨርሰዋል፣ የተሻለ ገቢ አላቸው፣ በፖሊስ የተያዙትም ከሌሎቹ ያነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ መንግሥት ሄድ ስታርት የሚባለውን ፕሮግራም ሲጀምርም ትምህርቱን ከምግቡ፣ ከጤናውና ከወላጆቹ ጋር አንድ ላይ አስሮ ነው የጀመረው።

እነሱ ገንዘብ አላቸው ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ጃማይካን እንውሰድ። እዚያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀነጨሩ 129 ሕፃናት ተመርጠው የጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ከፊሎቹ ቤት እየሄዱ ለሁለት ዓመት ከእናትየዋና ከልጁ ጋር ተጫወቱ። መጫወቻው ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታይ እነዚያ ልጆች ካልተጎበኙት በ25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኛሉ። ይህን ያነበብኩ ቀን አዳራሹ ውስጥ እማማ ከውሃ ላስቲክና ከክዳን የሠሯቸውን መጫወቻዎች አሰብኩ። ቆርኪ እየደረደሩ ነው ልጆቹ መቁጠር የለመዱት። መቀንጨር ደግሞ የእኛም ጉዳይ ነው፤ በ2008 የተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 38ቱ እንደቀነጨሩ ነው የሚያሳየው።

“መንግሥት የለም ወይ?” የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። አለ። በ2002 ሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ፣ የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥተዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቅድመ አንደኛ ተከፍቷል፣ ምገባም አለ፣ ከእኛ ጋር ውለው ወደዚያ ያለፉ ልጆች ተጠቃሚ ሆነዋል። ግን ምገባው ትምህርት ቤት ለገባ ልጅ ነው። የ3 ዓመቱ ልጅስ? ከ12 ሰዓት በፊት ከቤት ወጥታ ማታ የምትገባ እናት ልጇን ማን ጋ ትተወዋለች? እኛ ያለነው እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

አሁን ወደሚያስፈልገን ነገር። በብር አልጻፍኩትም፣ የሲሚንቶ ዋጋ ሳምንት ሳይሞላው ስለሚቀየር በዕቃ ብቆጥርላችሁ ይሻላል። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ቦታ የእድሩ ነው፣ ካርታ አለው፣ የግንባታ ፈቃዱም ወጥቷል። 5 በ6 ሜትር የሆኑ ሁለት ክፍሎች፣ አንድ ኩሽና፣ ለልጆች ቁመት የሚሆኑ ሁለት ሽንት ቤቶች እንሠራለን። ግንበኛው የእድራችን አባል ነው፣ የእጁን በነፃ ነው የሚሰጠው። 1,700 ብሎኬት ያስፈልጋል፣ 600 አግኝተናል። 60 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 60 ቆርቆሮ ገና ነው። የመሠረት ድንጋይ ሞልቷል፣ አሸዋ አንድ ሲኖ ትራክ ተሰጥቶናል፣ አንድ ይቀራል። በርና መስኮት ያፈረሰ ሰው ካለ አሮጌውንም እንወስዳለን። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ እንፈልጋለን፤ ይኼ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፣ 46 ልጅ እጁን ታጥቦ ካልበላ ያበላነው ምግብ መልሶ በሽታ ይሆንበታል።

ስለ ቁርሱ ለብቻ ልናገር። ቁርሱ የምጥን ገንፎ ነው። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ትንሽ ለውዝ፤ እናቶቹ ራሳቸው ለቅመው፣ ቆልተው ያስፈጩታል። ለአንድ ልጅ በቀን 50 ግራም ዱቄት ይያዛል። ለ46 ልጅ 2 ኪሎ ከ300 ግራም ማለት ነው። በወር 22 ቀን ብትሉት ግማሽ ኩንታል አካባቢ ይመጣል። ግማሽ ኩንታል እህል! ከእናንተ አንዱ፣ ወይም አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ፣ “የኅዳርን እኛ እንችላለን” ብትሉ የኅዳር ነገር አለቀ። እስካሁን የጥቅምት ወር ብቻ ነው የተያዘው፣ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ተሰብስበው ነው የያዙት። ሰኔ ድረስ ያሉት ወራት ክፍት ናቸው።

ገንዘብ የምትልኩ በእድሩ ሂሳብ ቁጥር ላኩ። ቁጥሩ እድሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል፣ አባሎችም ሁሉ ያውቁታል። በግለሰብ ስም ምንም አትላኩ፣ በእኔም ስም ቢሆን። ብር የሚወጣው በሦስት ፈራሚ ነው፣ አንዷ ከልጆቹ እናቶች መሐል የተመረጠች ናት። ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ አለ፣ ለ1 ጆንያ ሲሚንቶም ቢሆን። የገባውና የወጣው በየወሩ መጀመሪያ እሁድ በእድር ስብሰባ ላይ ይነበባል፣ መጥታችሁ ጠይቁ። በሌላ ቦታ በሕፃናት ስም ተለምኖ የት እንደገባ ያልታወቀ ገንዘብ ስላለ የሚጠራጠር ሰው አይፈረድበትም። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ።

ገንዘብ የሌላችሁስ? ነርስ የሆነ ሰው በወር አንድ ግማሽ ቀን ቢሰጠን ትልቅ ነገር ነው። የመጸዳጃ ቧንቧ የሚሠራ ሰው እንፈልጋለን። የሕግ ነገር የሚያውቅ፣ ደሞዛቸውን ተከልክለው ለሚመጡ እናቶች ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው በጣም ይጠቅመናል። ልጆቻችሁ ያደጉባችሁ ሰዎች ጫማና ሹራብ አለላችሁ፤ አጥባችሁ አምጡልን፣ አራብሳ ጠዋት ጠዋት ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቁታላችሁ።

ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያው እሁድ መሬቱ ጠጠር ስለሚል ቁፋሮ ይጀመራል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አዳራሹ ጀርባ እንገናኝ። ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፣ እናቶቹ ቂጣና ሻይ ያዘጋጃሉ።