ኖራውን እኛ እንቀባለን፤ ፕሮጀክተሩን አግዙን

የድሬ ዳዋ ልጆች፣ በያላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የሰፈራችን የፊልም ምሽት የተጀመረው በአንድ አቡጀዴ ነው። ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ሦስት ቁራጭ ገጥሞ ሰፋልን፤ በእድሩ የድንኳን ቋሚዎች መሀል ወጠርነው። ሲመሽ ሙቀቱ በረድ ሲል ነፋሱ ተነሣ። የተዋናይዋ ፊት አንዴ እየተነፋ አንዴ እየተጨማደደ፣ ያን የመሰለ አሳዛኝ ፊልም ሰው በሳቅ ጨረሰው። በማግስቱ የእድሩን ቤት የጓሮ ግድግዳ ኖራ ቀባን። እስከ ዛሬ የምናሳየው እሱ ላይ ነው።

ድሬ ለፊልም እንግዳ አይደለችም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማዋ አብራው ተወለደች፤ ግሪኩም አርመኑም ዓረቡም ሕንዱም ገባ። ታላላቆቻችን ከዚራ ሰፈር ላይ ዘንጠው ሲኒማ ይገቡ እንደነበር ያወሩናል። እኛ የደረስነው በቪዲዮ ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ በጆንያ የተጋረደ መስኮት፣ የሕንድ ፊልም። ከፊልሙ ይልቅ የሚናፍቀኝ አስተርጓሚው ነው። ሕንድኛ ይቻል አይቻል ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ሁላችንንም ግን ያስለቅሰን ነበር።

ያን ልማድ መልሰነዋል። ፊልሙ በአማርኛ ከሆነ አንድ ልጅ ማይክ ይዞ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይመልሰዋል። «ጸጥታ!» የሚል አይጠፋም፤ ትርጉሙ ሲዘገይ ግን «አቦ፣ ምን አለች?» የሚለው ያው ሰውዬ ነው።

ከምናሳየው ግማሹ ልጆቻችን በስልክ የቀረፁት ነው። የቀፊራን ገበያ የቀረፀ አለ። አንዷ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የወሰደውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ አያቷን አስቀምጣ አስተረከቻት። ያን ዕለት አስተርጓሚው ማይኩን አስቀመጠ፤ የጠየቀውም የለም። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ስለ ጫት የሠራችው «ፋያ ዳዪ» በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ድረስ ሄዷል። የእኛዎቹ ለጊዜው የእድሩ ግድግዳ ይበቃቸዋል፤ እሱም መብራትና ዕቃ ሲገኝ ነው።

ፕሮጀክተር የምንዋሰው ከአንድ መሥሪያ ቤት ነበር። አምና ሰዉ ቦታ ቦታውን ይዞ ሳለ «ቁልፍ ያዡ መስክ ወጥቷል» ተባልን፤ ባንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተደራርበን አየን። ስለዚህ የራሳችን ይኑረን። ግድግዳው ሰፊ ስለሆነ ብርሃኑ ከ3,000 ሉመን ያነሰ ፕሮጀክተር አይሆነንም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ከነኢንቨርተሩ ሁለት ፊልም ያስጨርሰናል። ጀነሬተር አንፈልግም፤ ጩኸቱ አስተርጓሚውን ይውጠዋል። ወንበሩና ሞንታርቦው የእድሩ ነው።

ገንዘቡን የሚቀበለው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነው፣ በደረሰኝ፤ ገቢና ወጪው በእድሩ ቤት በር ላይ ይለጠፋል። 50 ብርም ብር ነው። ውጭ ያላችሁ፣ ፕሮጀክተር በሻንጣ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን፤ ቀረጡ ዋጋውን እንዳይበልጥ። የድሮ የድሬ ሠርግ ያለበት የቪዲዮ ካሴት ቁም ሣጥን ውስጥ የረሳችሁ ካላችሁም አውሱን፤ ገልብጠን እንመልሳለን። (የሙሽሮቹን ፈቃድ ሳንጠይቅ አናሳይም፤ አንዳንዱ ትዳር ፈርሷል።)

እጁ ላይ ገንዘብ የሌለው ብሩሽ ይዞ ይምጣ። ግድግዳውን ከቀጣዩ የፊልም ምሽት በፊት ባለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረን እንቀባለን። ከ3 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ከፀሐይዋ ጋር ይነጋገር።