ሂት ፓምፕ ጎንደር ላይ ለማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ውሃና ክፍል ስለሚያሞቀው ማሽን፣ ስለ ሂት ፓምፕ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ማሽኑ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል መባሉ ትክክል ነው። ያልተዋጠልኝ «ለእያንዳንዱ ቤት» ይሆናል የሚለው ነው። እኔ እዚህ ጎንደር በኤሌክትሪክና በውሃ መስመር ዝርጋታ የምተዳደር ሰው ነኝ። በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ስልኬ «ሂት ፓምፕ ልግዛ ወይ?» በሚል ጥያቄ ይጨናነቃል። ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከካናዳ የመጣው ዘመድ በዓሉን አክብሮ ሲመለስ «እኛ ቤት ያለው ዕቃ እኮ» የሚል ወሬ ትቶ ይሄዳል። ወሬው ውሸት የለበትም። ኖርዌይ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ቤቶች ይህ ማሽን አላቸው። ግን ኦስሎና እኔ ያለሁባት የጎንደሯ አዘዞ የሚያስፈልጋቸው ለየቅል ነው።

ማሽኑን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሂት ፓምፕ ሙቀት ከአንድ ቦታ ወስዶ ሌላ ቦታ ያደርሳል። ቤታችሁ ፍሪጅ ካለ አንድ ሂት ፓምፕ አላችሁ ማለት ነው። የፍሪጁን ጀርባ ብትነኩት ይሞቃል፤ ከውስጥ የተወሰደው ሙቀት በዚያ በኩል ነው የሚወጣው። ለቤት የሚሸጠው ደግሞ ከውጭ አየር ላይ ሙቀት ይወስድና ወደ ውሃ ወይም ወደ ክፍል ያስገባል። ኤሌክትሪኩን በዋናነት የሚበላው ሙቀቱን ተሸክሞ በማሽኑ ውስጥ የሚዞረውን ጋዝ የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ነው። ተራ ቦይለር 1 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪ የሚቆጥረው መለኪያ) ቢበላ ቢበዛ 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ሂት ፓምፕ በዚያው ፍጆታ 3፣ ሲመቸው 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስገባል። አስማት የለበትም፤ ትርፉ ከአየር የመጣ ነው። ሐሳቡም የትናንት አይደለም፤ ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1852 ጽፎበታል።

የውጭው አየር ሞቅ ባለ ቁጥር ማሽኑ ይቀለዋል። ስለዚህ ለዚህ ማሽን የጎንደር አየር ከኦስሎ አየር በጣም ይሻላል። ችግሩ ኦስሎ ያለ ሰው ያለ ማሞቂያ የብርዱን ወቅት አይወጣም፣ ጎንደር ያለ ሰው ግን ይወጣል።

ክፍል ስለማሞቅ እንነጋገር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ይበርዳል፣ አልክድም። ጠዋት ከአልጋ መውጣት የሚያስጠላበት ጊዜ አለ። ግን ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ወጥታ ሁሉም ጃኬቱን ያወልቃል። ለነዚህ ጥቂት ሰዓታት ብሎ ሙሉ ቤት የሚያሞቅ ማሽን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ደግሞም ብዙዎቻችን የምንኖርበት ቤት ሙቀት አይዝም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒሱ አንዳንዱ ቤት ስስ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ የለም። በሩ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። መስኮቱ ነጠላ መስታወት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የገባ ሙቀት ወዲያው ይወጣል። ያንን ገንዘብ ጥሩ ኮርኒስ ላይ፣ በር ሥር ላይ፣ መስኮት ጠርዝ ላይ ያዋለው ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ሌሊት ያየዋል። ለቀረው ጋቢ አለ።

ከዚህ ጋር ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር ከሰል ነው። በብርድ ጊዜ የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አያውቀውም። ልጅ ወይም አቅመ ደካማ ወላጅ ቤት ውስጥ ካለና ብርዱ ካስቸገረ ማታ ማታ አንድ ክፍል ብቻ በትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማሞቅ ይበቃል።

ደባርቅ ላለ ሰው መልሴ ይለያል። እዚያ ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱም ቀልድ አያውቅም። መተማ ላለውም ይለያል፤ እሱ የሚፈልገው ማቀዝቀዣ ነው። የሚገዛው ኤሲ የማሞቅ ምርጫ ካለው ደግሞ ያው ሂት ፓምፕ ነው።

ጎንደር ላይ እውነተኛው ጥያቄ የሙቅ ውሃ ነው። እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ 18 ዲግሪ ነው እንበል፤ 55 ዲግሪ ድረስ እናሙቀው። 100 ሊትር ውሃ ለማሞቅ 4.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ቦይለር ያንን ሁሉ ከቆጣሪ ይወስዳል። ሂት ፓምፕ ሦስት እጥፍ ይሰጣል ብንል ከቆጣሪ የሚወስደው 1.4 ብቻ ነው። በቀን 60 ሊትር ሙቅ ውሃ የሚጠቀም ቤተሰብ በዚህ ስሌት በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይቆጥባል። በቀን 600 ሊትር የሚያሞቅ ፔንሲዮን ደግሞ በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይቆጥባል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ ስለሆነ ብዙ የሚጠቀም ሰው ለአንዷ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለውም ይበዛል። ሂሳብ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አውጡና የአንዷን ዋጋ በነዚህ ቁጥሮች አባዙ። ከዚያ የማሽኑን ዋጋ ለውጤቱ አካፍሉ። በስንት ወር እንደሚመለስ ታገኛላችሁ።

እኔ ለደንበኞቼ ስሠራው ለተራ ቤተሰብ አያዋጣም። ለፔንሲዮን፣ ለፀጉር ቤት፣ በሽተኛ አስተኝቶ ለሚያክም ክሊኒክ፣ ብዙ ሰው ሻወር ለሚወስድበት ጂም ያዋጣል። ለጥምቀት ክፍሎቹ ሁሉ የሚሞሉበት ፔንሲዮን ባለቤት ከሆናችሁ እንግዳው ሁሉ ጠዋት በአንድ ጊዜ ሻወር ሲከፍት የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ትልቅ ታንከር ያለው ሂት ፓምፕ ቀን በሞቃቱ አየር ሲያሞቅ ውሎ ለዚያ ሰዓት ያደርሳል። ሰዓት መቁጠሪያ ካለው ከረፋድ እስከ ማምሻ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ለቤተሰብስ? መጀመሪያ ሶላር። የጣሪያ ሶላር ውሃ ማሞቂያ መብራት አይፈልግም፤ ከሐምሌና ነሐሴ ደመና በቀር ፀሐይ አናጣም። ግን እዚህ ከተማ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ውሃ በጠፋበት ቀን የመስታወት ቱቦ ያለው ሶላር ባዶውን ቀትር ላይ ይግላል። ከዚያ ውሃ ድንገት ሲመጣ ቀዝቃዛው የጋለውን ቱቦ ይሰነጥቀዋል። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሶላሩን የሚመግብ ከእሱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ የራሱ ሮቶ ይኑረው፤ ቱቦው ባዶ ከሆነም ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሙሉት እንጂ ቀትር ላይ አትክፈቱ።

ሂት ፓምፕ ለመግዛት የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የመብራቱን ነገር ያስብ። ህዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ተመርቋል፤ ደስ ይላል። ግን ኃይል መመንጨቱ ብቻውን ሰፈራችን ያለውን ትራንስፎርመርና ሽቦ አያድስም። መብራት ይጠፋል፣ ሲመጣም ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ቦይለር ይህን ይችለዋል፤ ውስጡ ያለው የሚግል ሽቦ ነው። ኮምፕረሰርና የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ግን አይችሉትም። ስለዚህ ለማሽኑ የሚመጥን ስታቢላይዘር ዋጋ ውስጥ አብራችሁ አስቡ። ትክክለኛ የመሬት መስመርና የራሱ ብሬከርም ይኑረው። በሌላ በኩል ለፍትህ ያህል ልናገር፦ የቤት ሂት ፓምፕ የሚስበው ኃይል ከቦይለር በጣም ያነሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎዋት በታች ነው። እንጀራ ምጣድ ብቻውን ወደ 4 ኪሎዋት ይስባል። ምጣዱና ቦይለሩ አብረው ሲበሩ ብሬከር የሚወድቅበት ቤት ውስጥ ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ጄኔሬተርም ማሽኑን ማስነሳት ይችላል፤ በተለይ ሂት ፓምፑ ኢንቨርተር (ኮምፕረሰሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መቆጣጠሪያ) ያለው ዓይነት ከሆነ። እግረ መንገዴን፣ ምጣዱን ራሱ በሂት ፓምፕ ለመተካት የሚያስብ ካለ ይተወው። ይህ ማሽን ውሃና ክፍል ለማሞቅ እንጂ ምጣድ ለማጋል አልተሠራም።

ሌላው ከፍታው ነው። እኛ ጋ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የማሽኑ ፋን ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያልፍበት አየር ያነሰ ስለሆነ የሚሰበስበው ሙቀትም ይቀንሳል። በካታሎግ ላይ ያለው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተለካ ነው። ስለዚህ ለፔንሲዮናችሁ ማሽን ስትመርጡ በልክ የሚበቃውን ሳይሆን አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰዱ።

ጥገናስ? ከማሽኑ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጋዝ ቢያንጠባጥብ ማን ይሞላዋል? ጎንደር ውስጥ ጎበዝ የፍሪጅ ባለሙያዎች አሉን፤ ግን አዳዲሶቹ ማሽኖች የሚጠቀሙት ጋዝ አንድ ዓይነት አይደለም። አር 32 አለ፣ አር 290 አለ። አር 290 ፕሮፔን ነው፤ ለአካባቢ አየር ከሌሎቹ የተሻለ ነው፣ ግን ይቀጣጠላል። ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው አይንካው። ዕቃው ላይ የተለጠፈውን አንብቡና ያንን ጋዝ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

ተከራይ የሆነ ሰውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። በጋራ ቆጣሪ ላይ፣ በሰው ግቢ፣ ይህን ማሽን መትከል የአከራይ ጉዳይ ነው።

ለእናንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። ማስታወቂያ የሚያሠሩ ሻጮች ወደ ዝግጅት ክፍሉ ሲመጡ እባካችሁ ጠይቁልን፦ ማሽኑ በ2,100 ሜትር ከፍታ ስንት ሊትር በስንት ሰዓት ያሞቃል? የሚችለው ዝቅተኛና ከፍተኛ ቮልቴጅ ስንት ነው? መለዋወጫው የት ይገኛል፣ ጎንደር ውስጥ ማን ይጠግነዋል? መልሳቸውን ከማስታወቂያው ጎን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዝርጋታ ባለሙያ
አዘዞ፣ ጎንደር